የጋሼ ያርጋል ጆንያ

አባቴ ሙጂብ ደባርቅ ገበያ አጠገብ ሱቅ አለው። ገመድ፣ ሸራ፣ ጀሪካን፣ ድስትና ሰሃን ይሸጣል። ሌላው ሰው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲል ለጨዋታ ነው፤ አባቴ ግን ኑሮውን የሠራው በዚህ አባባል ላይ ነው። ስኳር ሲገዛ ከጆንያው ሥር ዘግኖ ያያል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝለት ሌላ ሐኪም ይጠይቃል፤ ሁለቱ ከተስማሙ ደግሞ «ተነጋግረዋል» ይላል። እኔን ኢክላስን፣ የገዛ ልጁን፣ ሱቁን ዘግቼ በገባሁ ቁጥር መቆለፉን በምን እንዳረጋገጥኩ ይጠይቀኛል።

ይህ ሰው አንድ ጓደኛ ብቻ ቢኖረው አይገርምም። እሳቸውም ጋሼ ያርጋል ናቸው። ከስሜን ተራራ፣ የጊች ሰው ናቸው፤ ደባርቅ ከገቡ ቆይተዋል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለቱሪስት በቅሎ ሲጭኑ ኖረዋል። የመጫኛ ገመዳቸውን ሠላሳ ዓመት ከአባቴ ገዝተዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሱቃችን ደጃፍ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከአባቴ ጋር ተጨቃጭቀዋል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንድም ቀን ከአንድ ትሪ በልተው አያውቁም። የሥጋው ነገር የታወቀ ነው፤ እኛ የእስላም እንበላለን፣ እነሱ የክርስቲያን ይበላሉ፤ በዚህ የሚቀየም የለም። ጋሼ ያርጋል ልጃቸውን ሲድሩ ለእኛ ለብቻ አሳርደው፣ ለብቻ ዳስ ጥለው ነው ያበሉን። ሽሮና ድንች ሲሆን ግን አገሩ ሁሉ አብሮ ይቆርሳል። አባቴ እሱንም እንቢ አለ። «ድስቱ ትናንት ምን እንደበሰለበት በምን አውቃለሁ?» ይል ነበር። የጋሼ ያርጋል ባለቤት እትዬ አልጣሽ «ኧረ በደረስጌ ማርያም፣ ድስቱን በአመድ ፈትጌዋለሁ፤ አንዴ እንኳ ቅመስልኝ» እያሉ ይለምኑት ነበር። እሱ ሻይ ብቻ ይጠጣል፤ ብርጭቆውንም መጀመሪያ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አይቶ። እትዬ አልጣሽ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ጋሼ ያርጋል አገር ሊለቁ መሆኑን ነገሩን። ሐዋሳ የሚኖረው ልጃቸው ሊወስዳቸው ነው። በዚያው ሳምንት ከሱቃችን አዲስ ድስት ገዙ። አባቴ ማታውኑ ያዘኝ።

«ሊሄድ የተነሣ ሰው ድስት ምን ይሠራለታል?»

«ሊያበስልበት ይሆናላ።»

«ሚስት ሊያገባ ነው። ሐዋሳ የሚለውም ውሸት ነው።»

ሁለት ቀን ቆይተው ጋሼ ያርጋል ደግሞ ሌላ ነገር ይዘው መጡ። ጎርጎራ የሚኖረው የእህታቸው ልጅ ቢራራ ጣና ላይ ዓሣ አስጋሪ ነው። ፈረንጆች ትተውለት የሄዱ ሁለት የፕላስቲክ ጀልባዎች፣ ካያክ የሚሏቸው፣ አሉት። «ሙጂብ፣ ሳልሄድ አንድ ቀን ዓሣ እናጥምድ» አሉት። «ከደሴቷ ላይ ድንኳኔን ተክለን እናድራለን።»

«አንተ ከበቅሎ ጭነት ሌላ ምን ታውቃለህ?»

«ምንም አላውቅ። አብረን እንማረዋለና።»

አባቴ ሦስት ቀን አልተኛም። ዋና አልችልም፣ እሱም ያውቃል፣ ታዲያ ለምን ውኃ ላይ ይወስደኛል፣ ምን ሊያስፈርመኝ ነው፣ ደሴት ላይ ማን ይሰማኛል ይላል። እኔ ተናደድኩ። ሰውየው ሊሰናበቱት ፈልገው ነበር፤ እንቢ ቢላቸው ተቀይመው እንደሚሄዱ፣ አባቴም ያችን አግዳሚ ብቻውን ታቅፎ እንደሚቀር ታየኝ። «ካልሄድክ ከእንግዲህ ሱቁን አልከፍትልህም» አልኩት። ተስማማ። ግን ምስክር እንድሆን እኔን ይዞ፣ ከሱቁ ደግሞ ጠንካራውን ገመድ መርጦ ነው።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት ጎርጎራ ደረስን። አባቴ ካያኩን ድስት እንደሚመርጥ ገዢ በጣቱ እያንኳኳ አዳመጠው። የመንሳፈፊያውን ሰደሪያ ማሰሪያ እያንዳንዱን ጎተተ። ቀጥሎ ገመዱን አወጣና የእሱን ካያክ ከጋሼ ያርጋል ካያክ ጋር፣ በቅሎ ከበቅሎ ጋር እንደሚቆራኝ፣ አቆራኛቸው።

«ይኼ ደግሞ ለምንዎ ነው?» አለ ቢራራ ሳቁን ይዞ።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ይኼ ፈረስ እንኳ አይደለም። ጥሎኝ ቢሄድስ?»

ጋሼ ያርጋል አንድ ጆንያ በገዛ እጃቸው ተሸክመው ቢራራና እኔ በምንሄድባት ታንኳ ላይ አስቀመጡ። «ይችን ማንም እንዳይነካብኝ» አሉ። አባቴ ወዲያው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ዳብሺው።»

ነውር ነው ብዬ እምቢ አልኩ፤ በኋላ ግን ቢራራ ዞር ሲል ዳበስኩት። ክብና ጠንካራ ነገር ነበር። ክብ መሆኑን በጣቴ ሠርቼ ለአባቴ አሳየሁት። አባቴ ይብሱን ፈራ።

ሁለቱ ሽማግሎች ውኃው ላይ ያሳዩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንዱ ወደ ግራ ሲቀዝፍ ሌላው ወደ ቀኝ፣ ገመዱ ይወጠርና ሁለቱም ባሉበት ይዞራሉ። አንድ ጥሩ ቀዛፊ በግማሽ ሰዓት ወደሚደርስባት ደሴት ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። ከዳርቻዋ ሲቃረቡ መንጠቆ ጣሉ። መጀመሪያ የቀናቸው ጋሼ ያርጋል ናቸው፤ ክንድ የሚያህል አምባዛ አወጡ። አዩትና ከመንጠቆው አላቀው መልሰው ወደ ውኃው ለቀቁት።

«ሰውዬ አብደሃል? ለምን ትጥለዋለህ?» አለ አባቴ።

«ቅርፊት የለውም። እኛ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አንበላም።»

«እኔ እበላዋለሁ!»

«አንተ ብቻህን የምትበላውን አልፈልግም።»

አባቴ በዚህ መልስ ውስጥ ምን ተንኮል እንዳለ ለማየት ብድግ አለ። ካያክ ላይ ቆመው አይጠረጥሩም። እሱ ሲገለበጥ ገመዱ ጋሼ ያርጋልንም ይዟቸው ገባ።

«ገደለኝ! ኢክላስ መስክሪ!»

ጋሼ ያርጋል በሰደሪያው አንገትጌ አንቀው ይዘውታል፤ አልለቀቁትም። «ቁም!» አሉት። «እግርህን ዘርጋና ቁም!» ቆመ። ውኃው እስከ ደረቱ ነበር። ቢራራ ታንኳው ላይ ተንከተከተ፣ እኔም ፈርቼ የነበርኩትን ያህል ሳቅሁ፤ አባቴ ግን የራሱ ገመድ መሆኑን ረስቶ «ማን ነው የጎተተኝ?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

ልብሳቸው እስኪደርቅ ከዳር ተቀምጠው ማጥመዱን ቀጠሉ። አባቴ ባለ ቅርፊቱን ቆሮሶ አከታትሎ ሦስት አወጣ። ጋሼ ያርጋል «ይኸው፣ ይኼ ነው!» ብለው ተነሡ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ቢራራ እሳት አያይዟል፤ ፀሐይዋም ገና አልጠለቀችም። ጆንያውን አምጥተው አባቴ ፊት ፈቱት።

ድስቱ ነበር። ላስቲኩ አልተቀደደም፤ እኔ በእጄ ጽፌ የለጠፍኩት የዋጋ ወረቀት እንኳ አለ። አጠገቡ ያልተከፈተ ዘይት፣ አዲስ ማማሰያ፣ አዲስ ትሪ።

«ዓሣ አይታረድም» አሉ ጋሼ ያርጋል። «ያንተም የኔም አይደለም። ድስቱ ካንተው ሱቅ ነው፤ ላስቲኩን ራስህ ቅደደው። ቢላዋም ያንተን አውጣ፤ የኔ ሥጋ ነክቷል።»

አባቴ ድስቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ልማዱ ነውና ሥሩን ሁሉ አየ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«ሱቅ ደጃፍ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

አባቴ ላስቲኩን ቀደደ። ዓሣውን እሱ ከተፈ፣ ጋሼ ያርጋል ጠበሱ። ከጎርጎራ የገዛነውን ዳቦ ቆራርሰን አንድ ትሪ ላይ አቀረብን። ጋሼ ያርጋል አጥንቱን ለቅመው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአባቴ ዘረጉ። አባቴ አላገላበጠም፣ ወደ ብርሃንም አላየም፤ አፉን ከፈተ። ቀስ ብሎ አኘከና ዋጠ።

«እጅህ ይጣፍጣል» አለ። «ቤትህ ስመጣ የነበረው ሽሮም እንዲህ ነበር?»

ጋሼ ያርጋል ትሪውን አዩ።

«እሱ የአልጣሽ ነበር» አሉ። «የኔ ከእሷ አይደርስም።»

አባቴ እጁን ከትሪው ላይ አነሣ። ከዚያ በፊት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። ጋሼ ያርጋል ሁለተኛውን ጉርሻ አዘጋጅተው ፊቱን እስኪመልስ በእጃቸው ይዘው ጠበቁት።