ባለቤት አላት

ያ ክረምት ትዝ ሲለኝ ሁልጊዜ በጭጋግ ውስጥ ነው። ከጉና ተራራ የወረደው ጭጋግ ደብረ ታቦርን ሲሸፍናት የጎረቤት ቤት እንኳ አይታይም፤ የሰው ድምፅ ብቻ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይመጣል። አባቴ፣ እናቴ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰችው ታላቅ እህቴና እኔ ቁጭ ብለን ድንች እንለያለን፤ የሚበላውን ለብቻ፣ ለዘር የሚሆነውን ለብቻ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ነቅቼ ይሁን ተኝቼ አላውቅም ነበር።

እህቴ ዓረብ አገር ሳለች አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ቆልፈውባት፣ ያለ ፈቃድ ደጅ ወጥታ አታውቅም። አገሯ ስትገባ ደግሞ አባቴ ባል አዘጋጅተው ጠበቋት፤ የይፋግ ነጋዴ፣ ባለ መኪና። ለእሁድ ሽማግሌ ሊልክ ቀጠሮ ይዟል። እህቴ አልፈልግም አላለችም። እንቅልፍ ግን አጥታለች፤ አንድ አልጋ ላይ ስለምንተኛ አውቃለሁ።

እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ምላሴ ከሐሳቤ የሚቀድም። አባቴ «እስቲ ምን ተማርሽ?» ሲሉኝ ጊዜው አሁን ነው አልኩ።

«አባዬ፣ የነፃነት ፍልስፍና የሚሉት አለ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ባለቤት ነው ይላል።»

አባቴ የያዙትን ድንች አስቀመጡ። «የራሱ ባለቤት? ወይ ጉድ! እንግዲህ ሰው ራሱን ሊያገባ ነው?»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። መቼም በእኛ ቋንቋ የበሬም ጌታ ባለቤት ነው፣ ባልም ባለቤት ነው። «እንደ በሬው ነው እንጂ እንደ ባሉ አይደለም» ብዬ ማስረዳት ያዝኩ። ገላህ ያንተ ነው፤ በላብህ ያፈራኸውም ያንተ ነው፤ ሌላውን እስካልነካህ ድረስ በመረጥከው መንገድ ትሄዳለህ። መንግሥት ቀማኛውን ይያዝ፣ ውል ያፈረሰውን ይዳኝ፣ ከዚያ ወዲያ እጁን ይሰብስብ። ይበጅሃል ብሎ ማስገደድም ያው ማስገደድ ነው።

«ድልድዩንስ ማን ይሠራዋል?» አሉ አባቴ።

«ሰው በፈቃዱ ተስማምቶ። እንደ ደቦ።»

«ከደቦ የቀረን ማንም አያስረው፤ እውነት ነው። የእሱ እህል ሲደርስ ግን የሚያጭድለት የለም። ልጄ፣ ደቦ እንዲህ ያማረሽ ከሩቅ ስለምታይው ነው።»

ድንቼን መለየት ቀጠልኩ። እህቴ ግን ድንቹን በእጇ እንደያዘች ቀርታ ነበር።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸው ረጥቦ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አሉ። ተቀመጡ ቢባሉ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። አንጋፋው ጉሮሯቸውን ጠርገው «የእርስዎን ልጅ ለልጃችን...» ማለት ሲጀምሩ እህቴ ከጓዳ ወጣች።

«አባቶቼ፣ አትድከሙ» አለች ረጋ ብላ። «ባለቤት አለኝ።»

«በሰው ትዳር ላይ ሽማግሌ አይቆምም፤ ይቅር ይበሉን» አሉና አንጋፋው እጅ ነስተው ወጡ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው። ከጭጋጉ ውስጥ ድምፃቸው ይሰማ ነበር፤ ባሏ ዓረብ ነው፣ አይደለም፣ እያሉ ይከራከራሉ።

ሳቄ መጣ፤ አባቴን ሳይ ጠፋ። ተነሥተው እህቴ ፊት ቆሙ። «አዋረድሽኝ! ማን ነው ባለቤትሽ?»

«እኔው ነኝ፣ አባዬ። እዚያ አልሆንኩም፤ እዚህም ካልሆንኩ...» አልጨረሰችውም።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ውርጅብኙን ስጠብቅ እናቴ ቀደመቻቸው። እናቴ ነፍስ ሳታውቅ፣ በሰው ጀርባ ታዝላ መጥታ የተዳረች ሴት ናት።

«ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ይኼ ትምህርትሽ ለተዳረ ሰውም ይሆናል? ወይስ አንዴ ከሰጡን በኋላ አይሠራም?»

አባቴ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ቀና ብለው እናቴን አዩዋት።

«አንቺስ» አሉ፣ «ያኔ አልፈልግም ብለሽ ነበር?»

«የጠየቀኝ አልነበረም» አለች።