የጠፋው አንድ ሜትር ከሃያ

በማዘጋጃ ቤቱ የቅርስ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የድሮ ቤት ስትለካ ኖራለች። የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «እትዬ ሜትር» ይላታል። አንድ ደጃፍ ላይ ከቆመች ቶሎ ንቅንቅ አትልም፤ የበሩን ቅርጽ፣ የሰገነቱን እንጨት፣ የመስኮቱን መከለያ አንድ በአንድ ካልሳለች እንቅልፍ አይወስዳትም። አለቃዋ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ቤቱን ልትለኪው ነው ወይስ ልታገቢው?» እያለ ይቀልድባታል።

አንድ ቀን አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር፣ አያታቸው ያሠሩትን ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ላፍርስ ብለው አመለከቱ። ልትለካ ስትሄድ ሽማግሌው በር ላይ ጠበቋት።

«ልጄ፣ በከንቱ አትድከሚ። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም» አሏት። «ሚስቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ መሬት አልረገጠችም። ይኼን ደረጃ እስቲ እይው።»

ከውጭ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የብረት ደረጃ ከመሰላል አይሻልም። እሷ ራሷ መደገፊያውን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ ነው የወጣችው። ላይ ስትደርስ አሮጊቷ ቅርጫት በገመድ በመስኮት አውርደው ከአትክልት ሻጩ ጋር ሲከራከሩ አገኘቻቸው።

«ቲማቲሙ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ እጅ ሲገባ ነው ጉዱ» አሏት እየሳቁ።

ቤቱን ስታይ «ይፍረስ» ማለት፣ ሴትዮዋን ስታይ «አይፈርስም» ማለት አቃታት። ምን ታድርግ፣ የምታውቀውን ሥራ ሠራች፤ ለካች።

ቁጥሮቹ ግን አልገጥም አሉ። የቤቱ የውጭ ርዝመት ከክፍሎቹና ከግድግዳዎቹ ድምር በአንድ ሜትር ከሃያ በለጠ። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደገመች። ለሦስተኛ ጊዜ ሜትሩን ስትዘረጋ የሽማግሌው ትዕግሥት አለቀ።

«ቤቱ እንደሆነ አያድግም» አሉ።

እሷ የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ በጣቷ አንኳኳች። ከጀርባው ባዶ ነው።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር?»

ሽማግሌው ቀረብ ብለው ግድግዳውን ዳሰሱ። «አባቴ ታችኛውን ቤት ለልብስ ሰፊ ሲያከራይ የሆነ ነገር አስደፍኖ ነበር። ልጅ ነበርኩ፤ ቁም ሣጥን መስሎኝ።»

በማግስቱ አናጺ መጥቶ ጣውላውን ሲያነሳ፣ ከአቧራና ከሸረሪት ድር መሀል ሰፊ የእንጨት ደረጃ ብቅ አለ። እርከኖቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ሕፃን እንኳ አይከብደውም። አናጺው ረግጦ ረግጦ አየና ሁለቱን ብቻ እቀይራለሁ አለ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ከትራሴ አጠገብ» አሉ ሽማግሌው ግንባራቸውን ይዘው።

ከሳምንት በኋላ አሮጊቷ የባላቸውን ክንድ ይዘው፣ ሁለት ቦታ አረፍ ብለው ወረዱ። ከታች የምትጠብቀው እትዬ ሜትር ሳታስበው እንባዋ መጣ። አሮጊቷ ግን የማንንም ፊት አላዩም። ቀጥ ብለው መንገዱን ተሻገሩና፣ ሁለት ዓመት ከመስኮት እየተጣሩ ብቻ ሲያወሯት ከኖሩት ጎረቤታቸው ቤት ገቡ።

ሽማግሌው ከእትዬ ሜትር ጋር በራሳቸው ደጃፍ ተቀምጠው ጠበቁ። ምሳ ሰዓት አለፈ።

«እንግዲህ ማመልከቻዬን ቀዳድጂልኝ» አሏት በመጨረሻ። «እሷ እንደሆነች ዛሬ የምትመለስ አይመስለኝም።»