የሲስተር ወይንሸት መብራቶች

ሞጣ ላይ ያለሁበት ሰፈር መብራት ከጠፋ ቀናት ሆኖት ነበር። አመሻሽ ላይ ደጃፌ ቆሜ ሳለሁ ከአስፋልቱ በኩል አንድ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ እንደ ንብ እምምም የሚል፣ ሲፈጥን የሚቀጥን፣ ሲዘገይ የሚጎረንን። ቢጫ ብርሃን አጥሩን ዳሰሰና አጠገቤ ሲደርስ ድምፁም ብርሃኑም አንድ ላይ ቀጥ አሉ። የጎረቤቴ ልጅ ጌታሰው ነበር፣ በብስክሌቱ።

«በስልክ ገመድ የምሞላው መብራት ነበረኝ፤ ኤሌክትሪክ ሳይኖር በምን ልሙላው?» አለኝ እየወረደ። «ይኼን ዲናሞ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አገኘሁት። እትዬ፣ ለማታ መንገድ የቱ ይሻላል ይላሉ?»

ስለ ብስክሌት መብራት የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ቢቸና ውስጥ፣ ገና ጥርሴን ሳልቀይር፣ ከአንዲት ሴት ነው።

ሲስተር ወይንሸት ለቢቸና ጤና ጣቢያ የተመደበች አዋላጅ ነርስ ነበረች፣ የባሕር ዳር ልጅ። የመጣች ዕለት ብስክሌቷ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ፣ ከበርበሬ ጆንያ መሀል ተፈትቶ ወረደ። እናቴ የግቢያችንን የፊት ክፍል አከራየቻት። በባሕር ዳር ሴት ብስክሌት ስትነዳ ማንም ዞሮ አያይም፤ እኛ ዘንድ ግን ገበያተኛው ሸክሙን አውርዶ ያይ ነበር። ቀሚሷን በልብስ መቆንጠጫ ሰብስባ፣ የመድኃኒት ቦርሳዋን ከኋላ አስራ፣ ላያት ሁሉ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ እየሰጠች ታልፋለች። ክፍሏ የአልኮልና የሰንሰለት ቅባት ይሸት ነበር። እኔ የሁለቱን ሽታ ለያይቼ ማሰብ እስከ ዛሬ አልችልም።

ያኔ ከተማው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከጄነሬተር ነበር፤ እሱም ሰው እራቱን በልቶ ሳይጨርስ ይጠፋል። ምጥ ደግሞ ጄነሬተር አይጠብቅም። የብስክሌቷ ዲናሞ ከፊት ጎማው ጎን የተለጠፈች ትንሽ ጠርሙስ መሳይ ነገር ናት፤ ጎማው ሲሽከረከር አናቷን ያሽከረክራትና መብራቱን ታበራለች። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ነገር የሚወድ ሰው። ያቺን ዲናሞ አላመናትም።

«ባለቤቱ ሲቆም አብሮ የሚቆም መብራት ምን መብራት ይባላል?» ይላታል።

«የባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ መንገድ ላይ የሚከዳውስ፣ ጋሼ?» ትለዋለች።

በኋላ አባቴ ራሱ የእጅ ባትሪ ገዛላትና ከመኪና ጎማ ላስቲክ ማሰሪያ ቆርጦ፣ በሰም ክር ሰፍቶ ከመሪው ላይ አሰረላት። እሷም ሁለቱን ልታስተያይ አንድ ምሽት እኔን ከኋላ አፈናጥጣ ወደ ሜዳው ወጣች። ቁልቁለቱ ላይ ዲናሞው መንገዱን ነጭ አደረገው፤ ጠጠሩ ሁሉ ጥላ አወጣ። ዳገቱ ላይ ስናዘግም ግን እንደ ከሰመ ፍም ቀላ፤ ስንቆም ጨለማው ከየት መጣ ሳይባል ዋጠን። ባትሪው ብንቆምም ብንሄድም ያው ነው። ብርሃኑ ግን ጠባብ፣ ቅርብ ቅርቡን ብቻ የሚያሳይ፣ ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ የእንቁላል አስኳል የሚመስል። ሲስተር ወይንሸት የደከመውን ድንጋይ እናቴ ካሰጣችው ጤፍ አጠገብ ፀሐይ ላይ ደርድራ ታሞቀዋለች፤ ጥቂት ይነሳል፣ መልሶ ይደክማል።

«ታዲያ የቱን መረጥሽ?» አላት አባቴ ስንመለስ።

«ሁለቱንም። ዲናሞው እኔን ያደርሰኛል። ባትሪው ደግሞ ስደርስ የማዋልዳትን ሴት ያሳየኛል።»

አባቴ ሳቀ። ለብዙ ወራትም ነገሩ እንዳለችው ሆነ። እናቴ የዲናሞውን ድምፅ ሳትሰማ አትተኛም ነበር፤ እምምም ሲል ሰምታ «ገባች» ትልና ትዞራለች።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ባጨቀየበት ሰሞን፣ ከከተማው ዳር አንድ ገበሬ ሮጦ መጣ። ሚስቱ ውባለም ምጥ ጠንቶባታል። ሲስተር ወይንሸት ሄደች። የሆነውን ያወቅነው በማግስቱ ነው፣ ከባልየው አፍ። ልጁ በሰላም ተወለደ፣ ወንድ። የውባለም ደም ግን አልቆም አለ። የያዘችው መርፌ አለቀ፤ ሌላ ከጤና ጣቢያው ማምጣት ነበረባት። የቤቱ ኩራዝ ጋዙን ጨርሷል። ባትሪውን ከመሪው ፈትታ ለባልየው እናት ሰጠቻቸው። ሆዷን እንዴት እንደሚያሹላት፣ ጨርቁን እንዴት እያዩ እንደሚጠብቁ አሳየቻቸው።

«አንቺስ በምን ትሄጃለሽ?» አሏት አሮጊቷ።

«እኔ ዲናሞ አለኝ፤ እናንተ በጨለማ ደሙን በምን ታያላችሁ?» ብላ ወጣች።

ዲናሞ ዝናብ ላይ አይታመንም። ጎማው ሲርስ አናቷ ትንሸራተታለች፤ እየነዱም ይጨልማል። ባልየው በእግሩ ከኋላ ይከተላት ነበርና ብርሃኗ ድልድዩ ጋ ብልጭ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ አየ። ድልድዩ መደገፊያ የለውም። ሲደርስ ከታች፣ ድንጋዩ ላይ አገኛት፤ ጭኗ ተሰብሯል። «እኔን ተወኝ፣ ሂድ፤ የጤና ጣቢያውን ሰው ከነመርፌው ይዘህ ድረስላት» አለችው። ሮጠ። የጤና ጣቢያውን ሰው ቀስቅሶ ይዞ እስኪደርስ ግን ውባለም አርፋለች። አሮጊቷ ባትሪውን እንዳበሩ ተቀምጠው ነበር አሉ።

ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ስለነበር ሲስተር ወይንሸት እግሯ በጣውላ ታስሮ እኛ ቤት ተኛች። ዓይኗን ስትገልጥ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እትዬ ይርገዱ፣ ውባለም እንዴት ሆነች?»

«ደህና ናት» ትላታለች እናቴ፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

አባቴና እናቴ ጓዳ ገብተው ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ትኩሳቱ ይጠናባታል፣ አሁን ከሰማች አትድንም ነው የሚሉት። መንገዱ ሊከፈት ሲቃረብ ግን ሲስተር ወይንሸት እምቢ አለች። «ሳላያት መኪና ላይ አልወጣም» አለች። እናቴ አራስ ከቤት አትወጣም ብትላትም አልሰማም አለች። «በበቅሎም ቢሆን ጭናችሁ አምጡልኝ።»

የውባለም ታናሽ እህት ባንቺአምላክ ከየጁቤ ለቀብር መጥታ ነበር። ገና ያላገባች ልጅ እግር ናት፤ ለኀዘኑ ጠጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለብሳለች። ሲስተር ወይንሸት ውባለምን ያየቻት በባትሪ ብርሃን፣ በምጥ ጭንቅ ብቻ ስለሆነ ፊቷን አትለይም፣ እህቷን በእሷ ቦታ ብናቀርብላት ታምናለች ብለው አባቴና እናቴ አሰቡ። እናቴ ጥቁሩን አስወልቃ የራሷን ነጭ ቀሚስ አለበሰቻት፣ የተላጨውን ራሷን በሻሽ ጠመጠመችላት፣ ሕፃኑን አሳቀፈቻት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ አያለሁ።

«ወይኔ ልጄ፣ መጣሽልኝ?» አለች ሲስተር ወይንሸት። «ደሙ ቆመልሽ?»

«ቆመልኝ። እመቤቴ ትመስገን።»

«ሆድሽስ?»

«ደህና ነው።»

ሲስተር ወይንሸት ትኩር ብላ አየቻት። ሕፃኑ አለቀሰና ፊቱን ወደ ደረቷ አዙሮ መፈለግ ጀመረ። ባንቺአምላክ የምታደርገው ጠፋት፤ ጣቷን አፉ ውስጥ ከተተችለት። አዋላጅ የወለደችን ሴት እንዴት አታውቅም? ሲስተር ወይንሸት ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወርዶ ትራሱ ላይ ሲፈስ አየሁት። እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

ሲስተር ወይንሸት ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም።

«ስሚኝ፣ እህቴ። ጡትሽ እስኪሞላ የላም ወተት ትሰጪዋለሽ። ወተቱን አፍይው። ውሃ ለብቻው አፍልተሽ፣ አብርደሽ አቅጥኚበት። ስኒውንና ማንኪያውን ሳትቀቅይ አትንኪው። ጡጦ ይቅርብሽ፣ ውስጡ አይጠራም። በማንኪያ፣ ቀና አድርገሽ አቅፈሽው፣ ሳትቸኩይ። ሲጠግብ ራሱ ፊቱን ያዞራል። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«በይ ንገሪኝ።»

ባንቺአምላክ ነገረቻት። ስትሳሳት እያረመች፣ ሳትሳሳት እስክትል አስደገመቻት። ከዚያ ሕፃኑን ወደ አፏ አስጠግታ ግንባሩን ሳመችው። ሌላ የጠየቀችው የለም።

በማግስቱ መኪናው መጣ። አባቴና ባልየው በአልጋ ተሸክመው ሲያወጧት እናቴን እጇን ይዛ «ደክማችሁልኛል፣ እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት። እናቴ መኪናው ሲሄድ አልቆመችም፤ የፊቱ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። የለቅሶዋ ድምፅ ሲወጣ ለማን እንደምታለቅስ ያኔ አልገባኝም ነበር። ለውባለም ይሁን፣ ለሲስተር ወይንሸት፣ ወይስ ለራሷ ውሸት፣ ዛሬም በእርግጥ አላውቀውም።

ሲስተር ወይንሸት ወደ ቢቸና አልተመለሰችም። እግሯ አጥሮ መዳኑን፣ በባሕር ዳር ተቀምጣ የሚሠራ ሥራ መያዟን ሰማን። ወንድሟ መጥቶ የተጣመመውን ብስክሌት ወሰደ። እናቴ በየማታው ጆሮዋን ወደ በሩ ማድረጓን ለረጅም ጊዜ አልተወችም። ሲስተር ወይንሸት ማረፏን የሰማነው ከተቀበረች ከወራት በኋላ ነው። አስከሬን በሌለበት፣ ዘመድ በሌለበት እናቴ ብቻዋን ምንጣፍ ዘርግታ ለቅሶ ተቀመጠች።

ጌታሰው መልሴን እየጠበቀ ነው። «ዲናሞውን ዝናብ ሲሆን አትመነው» አልኩት።

ባንቺአምላክ ወደ የጁቤ ሳትመለስ ቀረች። ልጁን አሳደገችው፤ ዛሬ ደጀን ላይ ጋራዥ የሚሠራ፣ የልጆች አባት ነው። ባለፈው ፋሲካ ቢቸና ስሄድ እሷን ልጠይቅ ጎራ ብል ቤቷ አልነበረችም። አንዲት ጎረቤት ወልዳ ወተት አጥታ ጠርተዋት ኖሯል። ተከትዬ ሄድኩ። ምድጃው ላይ ስኒና ማንኪያ በድስት ይንተከተካሉ፤ ባንቺአምላክ ሕፃኗን ቀና አድርጋ አቅፋ ተቀምጣለች።

«ይኼን ማን አስተማረሽ?» አለቻት አራሷ።

ባንቺአምላክ ማንኪያውን በዝንጣፊ ከፈላው ውሃ አወጣችና እስኪበርድ ያዘችው።

«መዋሸቴን እያወቀች ያላሳፈረችኝ ሴት» አለች፤ ከወተቱም ጨልፋ ማንኪያውን ወደ ሕፃኗ አፍ ወሰደች።