አራተኛው ቀለም

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ በሠራተኝነት በኖርኩበት ቤት፣ የማዳም ኮምፒውተር ሲከፈት አንዲት ባለ አራት ቀለም መስኮት ብቅ ትል ነበር፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ነፋስ እንደገባበት መጋረጃ ዘመም ብላ፣ ከኋላዋ ሰማይና ደመና። የኩባንያ ምልክት ናት ቢሉኝ ማን ሊሰማ! ለእኔ የወሎ ሰማይ ነበር። አቧራ ልጠርግ ገብቼ መወልወያውን እንደያዝኩ ፈዝዤ እቀራለሁ። "ያላ! ምን ያፈዝዝሻል?" ትለኛለች ማዳም።

አርብ አርብ ወደ አገር ቤት የምደውለው አል-ሳሃፋ ሰፈር ካለች አንዲት ሱቅ ነበር። ያቺው መስኮት እዚያም መስታወቱ ላይ በእጅ ተስላለች። ያኔ ኮምፒውተር ያስገባ ሁሉ ደጁ ላይ ያስላት ነበር። አረብኛ ማንበብ አልችልም፤ ሱቋን የማውቃት በምልክቷ ነው።

ታናሽ እህቴ እኔ ጋ ልትመጣ ተነስታ፣ ድንበሩን አልፋ ገዳሪፍ ደርሳ ስትደውል፣ አድራሻ ብዬ የሰጠኋት እሷኑ ነው። "አብራሽ ያለችው ሴትዮ የአል-ሳሃፋ ሐፍላ፣ አውቶቡሱ ላይ ታሳፍርሽ። ወርደሽ መስኮቷን ፈልጊ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ፣ ኢንሻአላህ" አልኳት። ትቻት ስመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን አሥራ ስድስት ሞልቷታል። ወረቀት የላት፣ ቋንቋ የላት፤ ፖሊስ ቢይዛት ጉዴ ፈላ።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ የለችም። እንባዬ መጣ። መግሪብ ሲቃረብ፣ እንደ አገሩ ሴቶች የምከናነበውን ቶቤን ሰብስቤ ወጣሁና በየሱቁ ደጅ መሮጥ ጀመርኩ። ሦስተኛው ጋ ፌስታሏን ታቅፋ ቁጭ ብላለች። ከራሷ በላይ የተሳለችው መስኮት ቢጫዋ ፍክት ብሏል።

አቅፌያት አለቀስኩ፤ ወዲያው ደግሞ ተቆጣሁ፣ ጠባዬ ነው። "አንቺ ልጅ፣ ገደልሽኝ እኮ! እዚያ ማዶ ስጠብቅሽ ዋልኩ!"

"በዚያም አልፌያለሁ እትዬ፣ ሁለቴ። የዚያኛው ቢጫ የለውም።"

ወላሂ አላመንኳትም። እጇን ይዤ ተመለስኩ። እውነትም የለም! ሠዓሊው ቀለም አልቆበት ይሁን ረስቶት እንጃ፣ አራተኛው ቦታ ባዶ መስታወት ነው። ያን ሁሉ አርብ ስገባ ስወጣ፣ ሳይ የነበረው የማዳምን ኮምፒውተር ኖሯል።

እህቴ ባዶውን ቦታ በጣቷ ነካች። "በዚህ በኩል ወደ ውስጥ አይቼ ነበር" አለችኝ። "ቶብ የለበሰች አንዲት ሱዳናዊት ብቻዋን ታለቅሳለች። አንጀቴን በላችው። ግን እህቴ ትጠብቀኛለች ብዬ አለፍኳት።"