አሸን የፈላ ዕለት

የልጅ ልጄ ሶልያና ባለፈው ሳምንት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ይቺን እያት እስቲ። አሥራ ሰባት ዓመት መሬት ውስጥ ቆይታ ነው የወጣችው፤ ማለቴ፣ በቃ ከእኔ ትበልጣለች።» ባሕር ማዶ የምትገኝ ዓይነ ቀይ ነፍሳት ናት። በጨለማ የዛፍ ሥር እየጠባች ታድግና ዓመቷ ሲሞላ ከእኩዮቿ ጋር በአንድ ሰሞን ትወጣለች። ጥቂት ሳምንት ዛፍ ላይ ሰንብታ፣ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች።

«እኛም አሸን ነበረን» አልኳት። እሷ አሸንን የምታውቀው ሰው በዛ ሲባል ብቻ ነው።

ልጅ እያለሁ የካዛንቺስ ግቢያችን ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧና አንድ የኮክ ዛፍ ነበረው። የሰኔ ዝናብ መሬቱን አርሶ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ እርጥቡ አፈር ይሸትና ከቧንቧው ሥር ካለው ስንጥቅ አሸን ይፈላል። ዶሮዎቹ ይራወጣሉ፣ እኛም እንራወጣለን። አሸን ማለት ለዓመታት ከመሬት በታች ሲራባ ኖሮ ለአንድ ቀን ክንፍ የሚያወጣ ምስጥ መሆኑን የነገረን ግን አልነበረም።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ዝናቡ እንዳባራ ስወጣ የጎረቤታችን ልጅ ፍሬው ቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አየሁት። መዳፉ ሙሉ ክንፍ ነው፤ እግሩ ሥር ደግሞ ክንፍ የሌላቸው አሸኖች ይርመሰመሳሉ። ክንፋቸውን ነቀለ ብዬ ጩኸቴን አቀለጥኩት። ጡረታ የወጡት ፖስተኛ ጋሽ ተካ ከበረንዳቸው መጡ። ያን ጊዜ ልጅ ለመቅጣት ወላጅ መሆን አያስፈልግም፤ የግቢያችን ዳኛ እሳቸው ነበሩ።

«ማርያምን አልነቀልኩም፤ ወድቆ ነው ያገኘሁት» አለ ፍሬው።

«አንቺስ፣ ሲነቅል አይተሻል?»

«ማርያምን አይቻለሁ» አልኩ። አላየሁም ነበር።

ሁለታችንም ምለናል። ጋሽ ተካ ግን እጁ ላይ ክንፍ በተገኘው ፈረዱበት። ሬዲዮናቸውን ሰምተው እስኪጨርሱ ድረስ ጠጠሩ ላይ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ተንበረከከ።

እኔ ድል አድርጌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ አሸን ጉልበቴ አጠገብ አረፈ። ወገቡን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አለና አራቱንም ክንፎቹን፣ ከደጅ የገባ ሰው ካፖርቱን እንደሚያወልቅ፣ አውልቆ ጥሏቸው ሄደ። ማንም አልነካውም።

እናቴ በማርያም ስም በሐሰት የማለ ምላሱ ይታሰራል ትል ነበር። ስሜን በሹክሹክታ ጠራሁ፤ ምላሴ አልታሰረም። ይባስ ፈራሁ፤ ቅጣቱ ገና እየመጣ ነው ማለት ነው። ሄጄ ፍሬው አጠገብ ተንበረከክኩና እጄን ሰቀልኩ።

«አንቺን ደግሞ ማን አንበረከከሽ?» አሉ ጋሽ ተካ ከበረንዳው።

«ማርያም» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሬዲዮኑን ዘጉት። «እንግዲያው የእሱን ቅጣት አንቺ ጨርሺው» አሉና ፍሬውን እንዲነሳ ፈቀዱለት። እሱ ግን ጉልበቴ ደንዝዟል ብሎ እዚያው ቀረ። «እጅሽን ቀጥ አድርጊ፣ ውሸታም፤ ካጠፍሽ ይጨምሩልሻል» አለኝ ቀስ ብሎ። በመካከላችን ሁለት ክንፍ አልባ አሸኖች፣ አንዱ አንዷን እየተከተለ፣ አለፉ።

ያ ልጅ አርባ አንድ ዓመት ባሌ ሆኖ ኖረ። ሙግት ሲያልቅበት «እስቲ ማርያምን በይ» ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ምዬ አላውቅም። ካረፈ ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው።

ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ከምኖርበት ላንቻ ተነስቼ ሶልያናን ወደ ካዛንቺስ ይዣት ሄድኩ። ግቢው ፈርሷል፤ ቧንቧውም ኮኩም የለም፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድና ሣር ሆኗል። አሸኑ ግን በንጣፉ ጠርዝ ይፈላ ነበር። ሶልያና ጎንበስ ብላ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሄዱትን ስትቀርጽ ቆየች።

«ኋላ ያለው ምን ፈልጎ ነው የሚከተላት?»

«ጉድጓድ ቆፍረው አብረው ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ አይወጡም፤ አንዱ እስኪያልፍ አይለያዩም።»

«ማርያምን በይ?»

ያን ጊዜ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ነበር የማልኩት። የአሸንን ጉድጓድ ውስጡን ዛሬም አላየሁም። አርባ አንድ ዓመት ግን ኖሬበታለሁ።

«ማርያምን» አልኳት፤ አልፈራሁም።