እማዋይሽ የተዋሰችው ናሙና

እማዋይሽ ቁጭ ማለት አታውቅም። በተማሪዎች ካፌ ሰባት ዓመት አብረን ስንሠራ፣ እኔ ሽንኩርት ስልጥ እሷ ትልቁን የወጥ ድስት ስታማስል፣ አንድ ቀን እንኳ በርጩማ ላይ አርፋ አላየኋትም። የምርመራው ሳምንት ሲመጣ ደግሞ ይብስባታል፤ ከምድጃው ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ።

በየስድስት ወሩ የወጥ ቤት ሠራተኞች ሰገራችን ይመረመራል። ትል ወይም አሜባ የተገኘበት እስኪድን ከድስት ይርቃል። ዘንድሮ እማዋይሽ ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። የፈራችው ግን ሆዷን አይደለም፤ ከድስት የራቀች ወጥ ሠሪ ስትመለስ ማማሰያዋን በሌላ እጅ እንደምታገኘው ሁላችንም እናውቃለን።

የናሙና ብልቃጥ በታደለን ማግስት፣ በማለዳ፣ ጥበቃውን ጋሽ ቢምረውን በር ላይ ስትለምን ደረስኩ።

«አፈር ስሆን ጋሼ፣ ትንሽ ይበቃኛል።»

«ሰው ጨው ይዋሳል፣ በርበሬ ይዋሳል፤ አንቺ ደግሞ!» ብሎ ሳቀ። «ይሁን። የእኔ ሆድ እንደሆን ጠጠር ይፈጫል።»

ሰውዬው ከሁዳዴ ወዲህ ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ መጨመሩን አይተናል፤ ጾሙ ነው ብለን አልፈነው ነበር።

በሦስተኛው ቀን የክሊኒኩ ሲስተር የውጤቱን ወረቀት አነበበች። «እማዋይሽ፣ ጃርዲያም ወስፋትም አለብሽ። ሁለት ሳምንት ከድስት ትርቂያለሽ።»

ዞራ አየችኝ። የእኔ አይደለም ብትል በማጭበርበር ትባረራለች። እጇን ለመድኃኒቱ ዘረጋች፤ እኔም እውነቱን አልተናገርኩላትም። እስካሁን ይቆጨኛል።

መድኃኒቱን እንደያዘች በቀጥታ ወደ በሩ ሄደች።

«እንካ ጋሼ፣ ዋጥ።»

«የምን ነው?»

«ጠጠር የሚፈጨው ሆድህ ውጤቱ መጣ።»

ሁለት ሳምንት ግቢ ስትጠርግ፣ በመስኮት አንገቷን እያስገባች «ኧረ አረረ! ኧረ ውኃ ጨምሩበት!» ስትል እኔንም ዕረፍት ነሳችኝ። በሁለተኛው ምርመራ የራሷን ሰጠች፤ ሌላ ማንን ትመን?

«ንጹሕ ነሽ» አለቻት ሲስተሯ። «መድኃኒቱ ሠርቶልሻል።»

እማዋይሽ አንዲት ፍሬ አልዋጠችም። ለካ ሆዷን ሲቆርጣት የከረመው ፍርሃቷ ኖሯል።

ወጥ ቤት ስንገባ ድስቱ ላይ ሌላ ሴት ቆማለች። ጋሽ ቢምረው በመስኮት ሳህኑን እየዘረጋ «ድገሙኝ» ይላል። እማዋይሽ ማማሰያውን ትንሽ አየችው። ከዚያ በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ሽንኩርት አነሳች።