የአጎቴ የሚያፈስ አጥር

ስለ አጎቴ ልጻፍ ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። እኔ ጽሕፈት ላይ እጄ ከባድ ነው፤ እሱም የሚጻፍለት ዓይነት ሰው አይደለም። ሹመት የለው፣ ጥርስም ብዙ የለው። ቅርጫት ሠሪ ነው። ሰው ስሙን ረስቶት «ቅርጫት» ብሎ ይጠራዋል፤ እሱም አቤት ይላል።

ነገሩ የመጣው በእናቴ ወጥ ቤት ነው። ከጓሮዋ ጅረት አለ፤ ልጅ ሆኜ በአንድ ዝላይ እሻገረው ነበር። ኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር ወለሉን እየቆፈረ ወረደና ገደል ሆነ። ዳሩ እየተናደ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ አራት እርምጃ ላይ ደረሰ። እናቴ ድስት ስትጥድ እንኳ ጆሮዋ ከኋላ ነው።

ባሌ ግንበኛ ነው። «ግንብ ነው መፍትሔው» አለ። ድንጋዩ ከየት ይምጣ ስንለው ወደ ሥራው ሄደ።

አጎቴ ተጠርቶ መጣ። ገደሉ ውስጥ ወረደ፣ ሽንቱን ሸና፣ ወጣና «ቅርንጫፍ አምጡልኝ» አለ። ከዳር እስከ ዳር ችካል ተከለ፤ በችካሎቹ መሀል ቅርንጫፉን ልክ እንደ ቅርጫት ጎነጎነው። ከፍታው እስከ ጉልበት ነው። እንዲህ ያለ አጥር አምስት ቦታ ሠራ። ውሃው በመሀል በመሀሉ ያልፋል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ወንፊት ነው» አለው ባሌ።

«አዎ፣ ወንፊት ነው።»

«ውሃ አይዝም።»

«ማን ይያዝ አለህ? እኔ ውሃውን እንደ ቢሮ ሰው ነው የማመላልሰው። ዛሬ ሂድ ነገ ና ሲሉት ይደክመዋል። ሲደክመው የተሸከመውን አፈር ጥሎልኝ ይሄዳል። ወለሉም ከፍ ይላል።»

«በቱንቢ ሳይለካ የተሠራ ነገር አላምንም።»

«አንተ በቱንቢ የሠራኸው የእህቴ ሽንት ቤት በሩ እስከ ዛሬ አይዘጋም።»

እውነቱን ነው። አንድ እጃችን በሩን ይዞ ነው የምንቀመጠው። ባሌ ግን ከፋው።

አጎቴ ቅርጫቱን ሊሸጥ ገበያ ወጣ፤ ሁለት ቀን ቆየ። ባሌ ከሥራ የተረፈ ሲሚንቶ አመጣና ከወጥ ቤቱ ኋላ ያለውን አጥር ቀዳዳ ሳያስቀር ለሰነው። ለክፋት አይደለም፣ መርዳቱ ነበር። አምሮም ነበር። ባልዲውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከሰዓት ዘነበ። ከላይ ያሉት አጥሮች ጎርፉን እያዘገዩ አሳለፉት። የተለሰነው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ መውጫ አጣ፤ በዳር ዞረ። ዳሩን ሁለት እርምጃ ቆረሰና እዚያው ዳር ላይ የነበረውን ሽንት ቤት አነሳው። ሽንት ቤቱ እንደቆመ ሄደ። በሩ ሲዘጋ ያየነው ያን ቀን ነው፤ ሳቃችን መጣ።

«ሰው አለበት?» አለች እናቴ።

«የለም እማዬ።»

«ወጥ ቤቱ ቢሆን እኔ ነበርኩበት» አለች። ከዚያ ወዲያ አልሳቅንም።

አጎቴ ሲመለስ ሲሚንቶውን በጣቱ ኳኳው። «ማነው?» ባሌ እኔን አየኝ፣ እኔ መሬቱን አየሁ።

«አማች፣ ውሃ መውጫ ካልተውክለት የራሱን በር ይሠራል። በር ሥራ ላይ ደግሞ ከአንተ ይሻላል።»

ባሌ ሲሚንቶውን በዶማ አፈረሰ። ሁለት ሳምንት ቅርንጫፍ ተሸከመ፤ አጎቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ላላ አድርገው፣ አታጥብቀው» እያለ አዘዘው። በተቆረሰው ዳር ላይም እርጥብ እንጨት ቸከሉ፤ ቅጠል አወጣ። ክረምቱ ሲያልቅ ከየአጥሩ ኋላ ደለል ሞላ፣ ሣር በቀለበት። አንዱ አጥር ሙሉ በሙሉ ተቀበረ። አጎቴ ደስ ብሎት በላዩ ሌላ ጎነጎነ።

ባሌ አዲስ ሽንት ቤት ከጅረቱ ርቆ፣ በፊት ለፊት በኩል ሠራ። መራቂው አጎቴ ሆነ። ገብቶ ትንሽ ቆየና ከውስጥ ተጣራ።

«አማች፣ ይሄም አይዘጋም።»

«ሆን ብዬ ነው ጋሼ። ቀዳዳ ተው አላልከኝም?»

እናቴ አልሰማቻቸውም። ጠዋት ጠዋት እንደምታደርገው ከወጥ ቤቱ ኋላ ሆና ከግድግዳው እስከ ገደሉ ዳር እየቆጠረች ትራመድ ነበር።

«ዛሬም ሁለት እርምጃ ነው» አለችና ድስቷን ልትጥድ ገባች።